ከደብረ ታቦር ዱላስ ስንት ሰዓት ነው?

ቪዛው ተመቶልዎ ከሆነ እንኳን ደስ አለዎ። በርበሬው ከመፈጨቱና ዘመድ ለሽኝት ከመሰብሰቡ በፊት ግን አንድ ነገር ያድርጉ። ስልክዎን ያውጡና በሁለት አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለውን ርቀትና የበረራ ሰዓት ከሚነግሩት ማስያዎች አንዱን ይክፈቱ። በአንደኛው ሳጥን «ደብረ ታቦር»፣ በሌላው «ዋሽንግተን ዱላስ» ብለው ይጻፉ። ማስያው ከተማዋን አያውቃት ይሆን ብለው አይስጉ፤ ደብረ ታቦር በዓለም አቀፉ መዝገብ «ዲቢቲ» የሚል ባለ ሦስት ፊደል መለያ አላት። መልሱ ወዲያው ይመጣል፦ 11,300 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አሥራ አራት ሰዓት ተኩል።

ይህን ቁጥር በሙሉ ልብ እንዲቀበሉት እመክራለሁ። አሠራሩ ንጹሕ ነው። ማስያው ምድርን ድቡልቡል አድርጎ ይወስድና በላይዋ ላይ ሁለቱን ነጥቦች በአጭሩ የሚያገናኘውን ቅስት ይለካል። አውሮፕላን በአማካይ በሰዓት 805 ኪሎ ሜትር ይበራል ብሎ ያካፍላል። በመጨረሻ ለመነሻና ለማረፊያ ሠላሳ ደቂቃ ይጨምራል። ሠላሳ ደቂቃ! ይህን የደነገገው ሰው መናኸሪያ ቆሞ እንደማያውቅ ግልጽ ነው፤ ቅንነቱን ግን ልናደንቅለት ይገባል።

ከደብረ ታቦር የሚነሳ መደበኛ በረራ አለመኖሩ የማስያው ጉዳይ አይደለም። እሱ ቅስት ይለካል እንጂ ትኬት አይቆርጥም። የእርስዎ ድርሻ አውሮፕላን ወዳለበት መድረስ ብቻ ነው፤ የቀረውን ሳይንስ ይጨርሰዋል።

ለዚህ ሁለት ምርጫ አለዎ። አዘዞ ያለው የጎንደር ማረፊያ በአፄ ቴዎድሮስ ስም ይጠራል፤ የባሕር ዳሩ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ። ንጉሡ ደብረ ታቦር ከትመው፣ እዚሁ ጋፋት መድፍ አሠርተው ሲያበቁ ስማቸውን የያዘው ማረፊያ ጎንደር መሆኑ ቅር ካሰኘዎ ቅሬታዎን ለሌላ ቀን ያቆዩት። ጎንደር በመንገድ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ባሕር ዳር 100። ባሕር ዳርን ይምረጡ።

አሁን ልብ ብለው ያድምጡኝ። ከደብረ ታቦር ቦሌ በቀጥታ መስመር ቢለካ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከባሕር ዳር ቦሌስ? እሱም 330 ኪሎ ሜትር ገደማ። ካላመኑኝ ካርታና ማስመሪያ ይዘው ያረጋግጡ። እንግዲህ አዲስ አበባ ለመግባት በመጀመሪያ መቶ ኪሎ ሜትር በመኪና ይጓዛሉ፤ ተጉዘውም የሚደርሱት አዲስ አበባ ከቤትዎ በምትርቀው ልክ ከምትርቅበት ሌላ ከተማ ነው። መቶው ኪሎ ሜትር አንዲት ጋት አላቀረበዎትም። ይህን ነገር በጉዞው ቀን እንዳያስቡት። በተለይ ሐሙሲት ላይ ጎማ ሲፈነዳ እንዳያስቡት። የግድ ማሰብ ካለብዎ ባሕር ዳር ገብተው፣ ጣና ዳር ተቀምጠው፣ ዓሣ ከበሉ በኋላ ያስቡት፤ በጠገበ ሆድ ጂኦሜትሪ አያንገበግብም።

መቶውን ኪሎ ሜትር በሰዓት ለመተመን ኪሎ ሜትር ራሱ አይረዳዎትም። ማስያው ያልተማረው፣ መናኸሪያ ሎተሪ የሚያዞር ልጅ ግን አሳምሮ የሚያውቀው መለኪያ አለ፤ እሱም የጎደለ ሰው ነው። ሚኒባስ በሰዓት አይነሳም፣ በሰው ነው የሚነሳው። ስለዚህ ረዳቱን «ስንት ሰዓት ይነሳል?» ብለው እንዳይጠይቁ፤ እንግዳነትዎ ይታወቅብዎታል። ትክክለኛው ጥያቄ «ስንት ሰው ቀረ?» ነው። መልሱ ምንጊዜም «አንድ ሰው!» ነው። ይህ አንድ ሰው ማን እንደሆነ፣ የት እንዳለ አይመርምሩ፤ ገና ጋሳይ ላይ በግ እየሸጠ ሊሆን ይችላል። መኪናው ሊሞላ ጥቂት የቀረው መስሎዎት ከገቡም ተሳፋሪውን በደንብ ይዩት። ዕቃ ያልያዙ፣ ያልተጨነቁ፣ ከረዳቱ ጋር የሚሳሳቁ ሁለት ሦስት ወጣቶች መሃል ወንበር ላይ ካሉ እነሱ መንገደኛ አይደሉም። ሌላ ተሳፋሪ በመጣ ቁጥር አንድ በአንድ ይወርዳሉ። አይቀየሟቸው፤ ሰው ሰውን ይጠራል በሚል በጎ ሐሳብ የተቀመጡ ናቸው።

ከመነሳትዎ በፊት ወረታ ወዳለ ሰው ደውለው «መንገዱ እንዴት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው ስለ አስፋልቱ እንዳልሆነ ወረታም ያለው ሰው ያውቃል። በ2015 ክረምት ማብቂያ የባሕር ዳርና የጎንደር በረራዎች ሳይቀሩ ለቀናት ተቋርጠው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ለዚህች መቶ ኪሎ ሜትር አንድ ሁለት ቀን ትርፍ የሚይዝ መንገደኛ ፈሪ አይባልም። ስልኩ ካልጠራልዎም መልሱን አግኝተዋል፤ ሻንጣዎን ይመልሱትና በማግስቱ እንደገና ይደውሉ።

መንገዱ ሰላም ከሆነ ግን ጉዞው ያምራል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከኋላዋ ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ይቆማል። ጠዋት ጋቢ ደርበው ይነሳሉ፤ ዓለም ሳጋ ጫካን አልፈው፣ አውራምባን ወደ ጎን ትተው ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ወረታ ሲደርሱ የፎገራ ሜዳ ከነሩዙና ከነሙቀቱ ይቀበልዎታል። ጋቢውን አውልቀው ጉልበትዎ ላይ ያስቀምጡት። በሻንጣ እንዳይከቱት፤ የሻንጣው ነገር ገና ይመጣል።

«ይህን ሁሉ ከምለፋ አውሮፕላኑ ራሱ ለምን አይመጣልኝም?» ይሉ ይሆናል። አውሮፕላን ለበጌምድር ሰው እንግዳ አይደለም። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፖቴዝ 25 የሚሉት፣ አንድሬ ማዬ በተባለ ፈረንሳዊ እየተነዳ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የገባው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነበር። ነሐሴ 12 የደብረ ታቦር በዓል ዋዜማ ነው፤ አጋጣሚውን ትንቢት ነው ብሎ የሚተረጉም ሰው ቢመጣ አልከራከረውም። ሰባት ወር ሳይሞላ የደብረ ታቦሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ ከንጉሥ ተፈሪ ጋር ተጣልተው ጦራቸውን ይዘው ተነሱ። ያኔ አውሮፕላኑ ሳይለመን መጣ። መጀመሪያ ያወረደው ወረቀት ነበር፤ ለንጉሡ ያልታዘዘ የተወገዘ ነው የሚል። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. አንቺም በተባለው ቦታ ላይ ያወረደው ደግሞ ቦምብ ነበር፤ ራስ ጉግሣም በዚያው ዕለት ወደቁ። እነዚህ በረራዎች እንግዲህ ደብዳቤውንም ጭነቱንም በሰዓቱ አድርሰዋል፤ ማረፊያ ሜዳም አላስፈለጋቸውም። አውሮፕላኑ ዛሬ ወደ እርስዎ አለመምጣቱን በዚህ ዐይን ከተመለከቱት ቅሬታዎ ይቀላል።

ከዚያ በፊት የነበረውን የጉዞ ልክ ማወቅም አይከፋም። ከደብረ ታቦር መቅደላ በቀጥታ መስመር 150 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ማስያው አርባ አንድ ደቂቃ ይላል፤ አሥራ አንዱን ለበረራ፣ ሠላሳውን ለመነሻና ለማረፊያ። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. መስከረም ማብቂያ ላይ ከተማዋን ለእሳት ሰጥተው ተነሱ፤ መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። አምስት ወር ተኩል ገደማ። ሰነፍ ሆነው አይደለም። ሰባት ቶን የሚባልለትን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ እያስጎተቱ፣ የሚሄድበትን መንገድም ከፊቱ እየጠረጉ፣ የጅዳንና የበሽሎን ገደል እያስናዱ ነበር፤ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሱ እንደነበር ይነገራል። በዚያው ወራት ሊወጓቸው የመጡት እንግሊዞች ከቀይ ባሕር ዳር፣ ከዙላ ተነስተው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ በሦስት ወር ገደማ ተጓዙ። እነሱ መድፋቸውን በዝሆን አስጭነዋል፤ ያውም ከሕንድ በመርከብ በመጣ ዝሆን። ከዚህ ታሪክ ሊቃውንት ብዙ ነገር ያወጣሉ። እኔ ለመንገደኛ የሚሆነውን ብቻ ላውጣ፦ ከባድ ዕቃ አይያዙ።

ወደ አሜሪካ ለሚሄድ የኢኮኖሚ መንገደኛ የሚፈቀደው ሁለት ሻንጣ ነው፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ። ይህን ቁጥር ለማንም እንዳይናገሩ። አርባ ስድስት ኪሎ የሚል ወሬ ፋርጣ ውስጥ ከወጣ እርስዎ የራስዎን ሸሚዝ የሚያስገቡበት ቦታ አያገኙም። የእትዬ እገሌ ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ለሱ ትንሽ ሽሮ። የጋሽ እገሌ እኅት አሌክሳንድሪያ ናት፤ ለሷ ትንሽ በርበሬ። «ትንሽ» ማለት አምስት ኪሎ ነው። በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ለአራስ የሚሆን አጃ፣ ለማስታወሻ ከቤተ ክርስቲያን የተቆነጠረ እምነት። እምነቱ አይከብድም፤ እሱን ይውሰዱ። ቋንጣውን ግን እግዜር ይስጥልኝ ብለው እዚሁ ይተዉት፤ የአሜሪካ ጉምሩክ ከውጭ የሚገባ ሥጋ ላይ ጨካኝ ነው፤ ለቋንጣ ሲሉ ከውሻ ጋር ቃለ መጠይቅ ሊገቡ ነው። ሻንጣዎን የሚመዝኑት ደግሞ በገበያ ሚዛን አይሁን። ድንች ሲሸጡበት የሚከብድ፣ ሲገዙበት የሚቀል ሚዛን በአየር መንገድ ፊት ምስክር አይሆንም።

ስለ ሰዓት ላስጠንቅቅዎ። ትኬትዎ ላይ የተጻፈው የፈረንጅ ሰዓት ነው። ከባሕር ዳር 07፡10 የሚል ካዩ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከአሥር ነው፤ ከምሳ በኋላ ሰባት ሰዓት ላይ የሚመስለው ሰው አውሮፕላኑ አዲስ አበባ ደርሶ፣ ሌላ ጭኖ፣ ድሬዳዋ ከገባ በኋላ ይደርሳል። ከቦሌ የሚነሳበት 22፡30 ደግሞ ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል ነው። ይህን 10፡30 ብሎ ወስዶ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ የሚደርስ መንገደኛ ስድስት ሰዓት ይቀድማል፤ ስሕተት ከሆነ አይቀር እንዲህ ያለው ይሻላል። ቀኑም የፈረንጅ ነው። ዓመቱን አያስሉት፤ ዋሽንግተን ሲደርሱ ሰባት ስምንት ዓመት ወደፊት፣ ሰዓቱን ሲያዩ ሰባት ስምንት ሰዓት ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ ጡረታ ለመጠየቅ ግን በሁለቱም አይቀበሉዎትም።

ከባሕር ዳር ቦሌ ያለው በረራ አንድ ሰዓት ቢሆን ነው። እዚህ ላይ ማስያው ልክ ነው፤ ሊመሰገን ይገባዋል።

ከዚያ በኋላ ትልቁ አውሮፕላን ይመጣል፤ እርስዎም መፍራት ይጀምራሉ። ከፍታ እፈራለሁ የሚል የደብረ ታቦር ሰው ካለ ይህን ይስማ። አውሮፕላኑ አሥራ አንድ ሺህ ሜትር ሲወጣ ጓዳው ውስጥ ያለው አየር እዚያው ከፍታ ላይ እንዳለው ሳስቶ አይተውም፤ እየታመቀ ይገባል። በብዙዎቹ አውሮፕላኖች የጓዳው አየር ቢሳሳ ቢሳሳ 2,400 ሜትር ላይ ያለውን ያህል ነው፤ በድሪምላይነርና በኤርባስ ኤ350 ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ። ደብረ ታቦር 2,700 ናት ብለናል። ባሕር ዳር 1,800። ስለዚህ የአትላንቲክ ደመና ከእግርዎ በታች ሲንሳፈፍ፣ ከጎንዎ ያለው ከባሕር ጠረፍ የመጣ መንገደኛ ራሱን ይዞ ሲቃትት፣ የእርስዎ ሳንባ ባሕር ዳር ወርዷል። ሲያርፉ ከሁሉም ይልቅ ትኩስ ሆነው ቢወርዱ አይግረምዎ፤ ሰማይ ወጥተው ቆላ ነው የሰነበቱት።

ማስያው አሥራ አራት ሰዓት ተኩል ያለውን ግን አሁን እንመርምር። ቅስቱ ከኛ ተነስቶ ሱዳንንና ሊቢያን አቋርጦ፣ በስፔን በኩል አትላንቲክን ይሻገራል። ወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን ሚያዝያ 2015 ላይ ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲነሳ የሱዳን ሰማይ ተዘጋ፤ አውሮፕላኖችም ዞረው መሄድ ጀመሩ። አብራሪውም እንደ እርስዎ «መንገዱ እንዴት ነው?» ብሎ ጠይቆ የሚነሳ ሰው ነው፤ ይህን ማወቁ አንዳች መጽናኛ አለው።

ሌላም አለ። ቦሌ 2,300 ሜትር ላይ ነው። በዚያ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በአምስት እጅ አንድ ያህል ይሳሳል፤ ክንፉም ሞተሩም የሚሠሩት በአየር ነው። ለረጅም መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ሞልቶ፣ ሰው ሞልቶ፣ የእትዬን ሽሮ ጭኖ መነሳት ያስቸግረዋል። ላይ ከወጣም ወደ ምዕራብ ሲሄድ ነፋሱ ከፊት ነው። ስለዚህ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አውሮፕላን ነዳጅ ሊሞላ መንገድ ላይ ያርፋል፤ እንደ ዘመኑ ሮም፣ ደብሊን ወይም ሎሜ። እርስዎ አይወርዱም፤ ወንበርዎ ላይ ሆነው ይጠብቃሉ። ይህ ለደብረ ታቦር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ተሞልቶ እስኪነሳ ቁጭ ብሎ መጠበቅን መናኸሪያ ላይ ተምረውታል፤ አጠገብዎ የሚበሳጨውን ፈረንጅ «አይዞህ፣ አንድ ሰው ነው የቀረው» ብለው ያጽናኑት።

ዱላስ ሲወርዱ ዘመዶችዎ በር ላይ ይጠብቁዎታል፤ ማረፊያው ከዋሽንግተን ከተማ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ማን መኪና ይዞ ይምጣ በሚለው ላይ ሦስት ቀን ሲከራከሩ ቆይተዋል። መጀመሪያ የሚጠይቁዎ «ጉዞው ስንት ሰዓት ፈጀ?» ነው። ከቤት የወጡበትን ቀን መናገር አይጀምሩ። ከደብረ ታቦር የወጡ ሃያ ዓመት የሆናቸው ሰዎች ናቸው፤ ወሬው ወደ ወረታ መንገድ ከገባ ሻንጣው ሳይጫን ይነጋል። «አሥራ አራት ሰዓት ተኩል» ይበሏቸው። ደስ ይላቸዋል፤ ቀርባለች ማለት ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት እንመጣለን ይላሉ።

መመለሻውን በተመለከተ አጭር ነው። ዱላስ ከባሕር ወለል መቶ ሜትር እንኳ የማይሞላ ከፍታ ላይ ነው፤ አየሩ ወፍራም ነው፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋል። አውሮፕላኑ የትም ሳያርፍ በአሥራ ሦስት ሰዓት ገደማ ቦሌ ይገባል፤ በማግስቱ ባሕር ዳር ነዎት። አሁን ሁለቱን ሻንጣ ይዘው መናኸሪያ ሲደርሱ ረዳቱ ከላይ እስከ ታች ያይዎትና የሦስት ሰው ሒሳብ ይጠይቅዎታል። እንዳይከራከሩት። ሻንጣዎቹ ሁለት ሰው ከሆኑ የጎደለው አንድ ሰው ሞልቷል፣ አንድም ተርፏል ማለት ነው። የሦስቱን ይክፈሉ፣ ሁለቱን ሻንጣ ወንበር ላይ ያስቀምጡ፣ ከዚያ ድምፅዎን ከፍ አድርገው «ሞልቷል፣ እንሂድ!» ይበሉ።